ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አባታችን ሌላ ሰው ሆኑብን

ጥያቄ፦ አባታችን የ76 ዓመት አዛውንት ናቸው። ኑሯቸው መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ሲሆን እኔ ደብረ ብርሃን እኖራለሁ። ከአራት ወር በፊት ደጃቸው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ አያቸው፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ስቃዩ ሲጠናባቸው ሆስፒታል አስገባናቸውና በሙሉ ማደንዘዣ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። በማግስቱ ደኅና ነበሩ። በሁለተኛው ሌሊት ግን እኔን በሟች እናቴ ስም እየጠሩ፣ «በሬዎቹን ማን ፈታቸው?» እያሉ ከአልጋ ሊወርዱ ታገሉ፤ የግሉኮሱን መርፌም ነቀሉት። መላ ስናጣ እጃቸውን በነጠላ ከአልጋው ጋር አሰርነው። ቀን ያንቀላፋሉ፣ ሲመሽ ይብስባቸዋል። በሳምንቱ ነገሩ ቢበርድም ከዚያ ወዲህ የቀድሞው ሰው አይደሉም፤ ዝምታ አብዝተዋል፣ ማኅበሩንም ዕድሩንም ትተዋል፣ የነገርናቸውን ይረሳሉ። እንቅልፍ ስለሚያጡ ከመድኃኒት ቤት የገዛነውን የእንቅልፍ ኪኒን ማታ ማታ እንሰጣቸዋለን። ወንድሜ «ከወገብ በታች ብቻ ቢያደነዝዟቸው ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር» ይላል። አክስቴ ደግሞ ለክፏቸው ነው፣ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ይወሰዱ ባይ ናት። አሁን የዓይን ሞራቸው ይገፈፍ ተብሎ ቀጠሮ ተይዟል፤ እኛ ግን ሁለተኛ ማደንዘዣ አይነካቸውም ብለን ተማምለናል። ልክ ነን? አባታችንስ ወደ ልባቸው ይመለሳሉ?
ልጃቸው፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣

ሰው በአንድ ሌሊት አይጃጅም። በሽተኛውን ሳያዩ መፍረድ ባይገባም፣ የጻፉልን ምልክት ሁሉ ሐኪሞች ዲሊሪየም ወደሚሉት ድንገተኛ የአእምሮ መናወጥ ያመለክታል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ባሉት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀናት ውስጥ ድንገት መጀመሩ፣ ቀን ጋብ ብሎ ሲመሽ መባሱ፣ በሽተኛው ሐሳቡን አንድ ነገር ላይ ማኖር ማቃቱ የዚህ ሕመም መለያዎች ናቸው። የመርሳት በሽታ ግን በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚገባ ነው። ቀን ቀን ማንቀላፋታቸውንም እንደ ዕረፍት ቆጥራችሁት ይሆናል፤ እርሱም የዚያው ሕመም ሌላው ገጽታ ነው። እንዲያውም የሚጮኸውንና የሚታገለውን በሽተኛ ሁሉም ስለሚያየው ቶሎ ይደረስለታል፤ በጸጥታ ፈዝዞ የተኛውን ሽማግሌ ግን አስታማሚውም ነርሱም «ተመስገን፣ ተኛልን» ብለው ያልፉታል።

ወንድምዎ ያነሡት ነገር ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1955 ቤድፎርድ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ማደንዘዣ በአረጋውያን አእምሮ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ሲጽፉ መነሻ ያደረጉት «ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነልንም» የሚለውን የቤተሰብ አቤቱታ ነበር። ወንድምዎ የሚሉት በቀጥታ የተፈተነው ግን በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካና በካናዳ ዳሌያቸው የተሰበረ፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 1,600 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ከወገብ በታች ብቻ፣ ግማሾቹ ሙሉ በሙሉ እንዲደነዝዙ ተደረገ። ዲሊሪየም የታየው ከፊተኞቹ በ20.5 በመቶ፣ ከኋለኞቹ በ19.7 በመቶ ነው፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ዕለት ሌላው ዓይነት ማደንዘዣ ቢመረጥ ኖሮ አባትዎ ይድኑ ነበር ብሎ ማሰብ ቁጭትን ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም።

ታዲያ ምን ነካቸው? ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ነካቸው። አጥንቱ መሰበሩ፣ ደም መፍሰሱ፣ ለቀናት የዘለቀው ሕመምና እንቅልፍ ማጣት፣ መንገዱ፣ ውኃ መጠማቱ፣ ከቁስሉ የሚነሣው መቆጣት፣ ሆድ መድረቁ፣ ሽንት መታገቱ፣ የማያውቁት ክፍልና ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው መብራት፣ በዚያም ላይ ማደንዘዣውና የሕመም ማስታገሻው ተደማምረዋል። ለወጣት አእምሮ ይህ ሁሉ የሚቻል ነው፤ የአዛውንት አእምሮ ግን ክረምት መግቢያ ላይ እንዳለ ጎተራ ነው፣ ለቤተሰቡ ይበቃ የነበረው እህል ድንገት እንግዳ ሲበዛበት ወለሉ ይታያል። ዓይናቸው በሞራ መጋረዱም አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም፤ በደብዛዛ ብርሃን ፊትን ለይቶ ማየት የማይችል ሰው ልጁን በሚስቱ ስም ቢጠራ አይደንቅም። ወጌሻ ዘንድ መቆየታችሁን ለወቀሳ አላነሣውም፤ አጥንት ሲሰበር ወደ ወጌሻ መሮጥ ያደግንበት ነው። የአዛውንት ዳሌ ሲሰበር ግን ከተቻለ በ48 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ጥገና ቢደረግ እንደሚሻል ለጎረቤት ሁሉ ንገሩ።

በደብዳቤዎ ያልተጠቀሰ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባትዎ ጠዋት ጠዋት ብርዱን ለመስበር አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ የሚወስዱ ሰው ናቸው? በመንዝ ብርድ ይህ እንደ መጠጥ እንኳ አይቆጠርም፤ ስለዚህም ሐኪም «ይጠጣሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ቤተሰብ «ኧረ አይጠጡም» ይላል። በየቀኑ አልኮል የለመደ ሰውነት ሆስፒታል ገብቶ ድንገት ሲቋረጥበት ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል፤ ካልታከመም ሕይወትን ያሰጋል። የርስዎ አባት ሁኔታ ይህ ይሁን አይሁን ከዚህ ሆኜ ልለይ አልችልም። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ አረቄውንም ጠላውንም በልኩ ተናገሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። በኮዳ ደብቆ ክፍል ማስገባትም መፍትሔ አይደለም።

እጃቸውን በነጠላ ማሰራችሁ እያንገበገበዎ እንደ ሆነ ከአጻጻፍዎ ያስታውቃል። በዚያ ሌሊት የምታውቁትን ነው ያደረጋችሁት፤ አስረድቶ የሚያግዛችሁ ሰውም አልነበረም። ሆኖም የታሰረ ሰው ይበልጥ ይፈራል፣ በፈራ ቁጥርም ይበልጥ ይታገላል። የሚሻለው የሚያውቁት አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ፣ እጃቸውን ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ እኔ ነኝ፤ ያለነው ሆስፒታል ነው፤ እግርዎ ታክሟል፤ ዛሬ ሚካኤል ነው፤ በሬዎቹን ጎረቤት አስገብቷቸዋል» እያለ መደጋገሙ ነው። ቀኑን በቁጥር ከመንገር በበዓሉ መንገር ለእንደርሳቸው ዓይነቱ ሰው ይቀርባል፤ ፊደል ያልቆጠረ የመንዝ አዛውንት እንኳ ሚካኤልንና ማርያምን፣ ጊዮርጊስንና መድኃኔ ዓለምን ስቶ አያውቅም። መከራከር ግን አያስፈልግም፤ «የምን በሬ አመጡብን?» ማለት እሳት ላይ ጭድ ነው። ከቤት የመጣ ጋቢያቸው ወይም ባናቸው፣ ቀን ላይ የተከፈተ መስኮት፣ ሌሊት የጠፋ መብራት፣ ቶሎ ቶሎ የሚሰጥ ውኃ፣ ሐኪም እንደፈቀደ ተደግፎ መነሣት ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ 852 ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ የውስጥ ደዌ ሕሙማን ላይ ይህንኑ የመሰለ እንክብካቤ ተሞክሮ፣ ዲሊሪየም የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ከ15 በመቶ ወደ 9.9 በመቶ ወርዷል። ለዚህ ውጤት አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም።

ወደ ልባቸው ይመለሳሉ ወይ ላሉት፣ ተስፋም ጥንቃቄም ያለበት መልስ ነው የምሰጥዎ። መናወጡ ራሱ በአብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ይለቃል፤ የእርሳቸውም ለቅቋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመርሳትና የመፍዘዝ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ፣ በተለያዩ አገሮች ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 1,218 ሰዎችን በተከታተለ ጥናት፣ በመጀመሪያው ሳምንት የማሰብ ችሎታቸው ቀንሶ የተገኘው 25.8 በመቶው ነበሩ፤ በሦስት ወር ግን ወደ 9.9 በመቶ ወረዱ። በእናንተ ዓይነቱ ሁኔታ፣ ማለትም ዲሊሪየም ያዝ ካደረጋቸው መካከል፣ መንገዱ ረዘም ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ሲጠኑ፣ ዲሊሪየም ከነበረባቸው 40 በመቶ ያህሉ በስድስተኛው ወር ገና ወደ ቀድሞ ችሎታቸው አልተመለሱም ነበር፤ ካልነበረባቸው ግን 24 በመቶው ናቸው። ይህን በሌላ ዓይን ሲያዩት፣ ዲሊሪየም ከያዛቸውም የሚበልጡት በስድስት ወር ተመልሰዋል ማለት ነው። ሐኪሞች እስከ አንድ ዓመት ድረስ ያለውን ለውጥ ከቀዶ ጥገናው ጋር አያይዘው የሚከታተሉት በዚህ ምክንያት ነው። አራት ወር ተስፋ የሚቆረጥበት ጊዜ አይደለም። ዲሊሪየም አስቀድሞ በቀስታ ይገባ የነበረን የመርሳት በሽታ የሚገልጥበት ጊዜ መኖሩን ግን ልደብቅዎ አልችልም፤ ስለዚህ ከመውደቃቸው በፊት በነበረው ዓመት ገንዘብ መቁጠር፣ የለመዱትን መንገድ ማግኘት፣ የዘመድ ስም መጥራት ይቸግራቸው እንደ ነበር ከጎረቤት ጠይቃችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የእንቅልፍ ኪኒኑ ነው። ስሙን አልጻፉልኝም። ዲያዜፓም ከሆነ፣ በአረጋውያን ሰውነት ውስጥ ለቀናት የሚቆይ መድኃኒት ነው፤ ማታ የተዋጠው በማግስቱ ቀትር ላይም ያፈዝዛል፣ ያስረሳል፣ ለመውደቅም ያጋልጣል። አሚትሪፕቲሊን ወይም ፕሮሜታዚን ቢሆንም የአዛውንትን አእምሮ ማደናገሩ፣ ሽንት ማገዱና ሆድ ማድረቁ የታወቀ ነው። ከዝምታቸውና ከመርሳታቸው ምን ያህሉ የኪኒኑ እንደ ሆነ ኪኒኑ ሳይቀነስ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በራሳችሁ በአንድ ቀን አታቁሙት፤ ለሳምንታት የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጥና አዲስ መናወጥ ሊያስከትል ይችላል። በያዝነው ሳምንት ፓኬቱን፣ የሚወስዱትንም ሌላ መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱና በደረጃ እንዲቀንስላችሁ ጠይቁ። እዚያው የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢና የቫይታሚን ቢ 12 ምርመራ እንዲታዘዝላቸው፣ ጆሯቸውም በኩክ ተደፍኖ እንዳይሆን እንዲታይ አድርጉ። በኩክ የተደፈነ ጆሮ ያለው ሰው የነገሩትን «ይረሳል»፤ አልሰማውምና።

ሌላው ዝም የሚያሰኝ ነገር ኀፍረት ነው። ብዙ በሽተኞች የዚያን ሌሊት ቁርጥራጭ ያስታውሳሉ፤ ልጃቸው ፊት እንደ ጮኹ፣ እንደ ታሰሩ ትዝ ይላቸዋል፣ አብደው የነበረ ይመስላቸዋል፣ ማንም ስላላነሣባቸውም እነርሱም አያነሡትም። በማኅበር ጽዋ ላይ ቃሉ ይሰማ የነበረ ሽማግሌ ከዚህ በኋላ ሰው ፊት መቀመጥ ቢከብደው ምን ይገርማል? አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ሰው ሳይበዛ ነገሩን እርስዎ ያንሡላቸው፤ «ሕመሙ ነው፣ ብዙ ሰው ይይዘዋል፣ አልፏል» ብለው ያስረዷቸው፣ ለማሰራችሁም ይቅርታ ጠይቋቸው። ሐዘናቸው ከዚያም ባይለቅ፣ ምግብ ቢጠሉ፣ ሞታቸውን ቢመኙ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገር፤ እርሱም ይታከማል።

ቤት ውስጥም የምትለውጡት አለ። እንግዳ መጥቶ «እንዴት ሰነበቱ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ «ደኅና ናቸው፣ ግን ይረሳሉ» ብሎ የሚመልስበትን ቤት ብዙ አይቻለሁ። አባት አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ጥያቄውን ለእርሳቸው ተዉላቸው፤ ቢዘገዩም ይመልሳሉ። የምርቃቱን፣ የመሬቱን፣ የዘር ወቅቱን ነገር አማክሯቸው። ማስታወሳቸውን እየፈተናችሁ አታሳቋቸው፤ መሻሻላቸውን ለማየት ካስፈለገ፣ በጨዋታ መካከል በየሁለት ሳምንቱ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ፣ ሐሙስ እያሉ እንዲቆጥሩ ማድረግ ይበቃል፤ ሐሳብን ሰብስቦ የመያዝ ችሎታ በዚህ ይታያል።

መለካት ካለባችሁ ደግሞ ኑሯቸውን ለኩ። የሚመኙት ምንድን ነው ብላችሁ ራሳቸውን ጠይቋቸው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም በእግራቸው መድረስ ከሆነ የሚመኙት፣ ግቡ እርሱ ይሁን፤ ዛሬ እስከ ግቢው በር፣ ከሳምንት በኋላ እስከ ጎረቤት ደጅ፣ ምርኩዝና አንድ ደጋፊ ይዘው ይራመዱ። ዳሌው የሚጠነክረውም እንቅልፉ የሚመጣውም ቀን ላይ በመንቀሳቀስ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ምስር በየዕለቱ ያስፈልጋቸዋል። ጾም ነው ብለው እንቢ ካሉ ለክርክሩ እናንተ አትበቁም፤ የንስሐ አባታቸውን አምጡላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም እንደማታስጨንቅ ከእርሳቸው ሲሰሙት ይቀበላሉ።

አክስትዎን አልቃወማቸውም። ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ለሰሜን ሸዋ ሰው ምን ማለት እንደ ሆኑ የማላውቅ አይደለሁም፤ ለአባትዎም ከሰው መካከል ወጥተው መጸለያቸው ጥሩ ነው። የማልስማማው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ጸበሉ ተጀመረ ተብሎ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ነው። ሁለተኛው፣ አራት ወር ያልሞላው ዳሌ ይዘው በድንጋይ ላይ ቆመው በብርድ ውኃ እንዳይጠመቁ ነው፤ ብርዱም መንሸራተቱም ያሰጋል፤ አጥማቂው አባት ቢረጯቸው ወይም በጥቂቱ ቢቀምሱ ይበቃል። ወደ ፊትም መናወጡ ድንገት ከተመለሰ ለክፎት ነው ብላችሁ አትዘግዩ፤ በአዛውንት ላይ የሳንባ ምች ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳትና ያለ ሳል በመቃዠት ብቻ ሊታይ ስለሚችል በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ይገባል።

የዓይኑን ነገር በተመለከተ መሐላው ይቅር። የዓይን ሞራ ገፈፋ በአብዛኛው የሚሠራው ዓይኑ አካባቢ ብቻ ደንዝዞ፣ በሽተኛው ነቅቶ እየሰማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ በዚያው ቀንም ወደ ቤት ይመለሳል። ከዳሌ ስብራት ቀዶ ጥገና ጋር የሚነጻጸር ሸክም አይደለም። በአንጻሩ አለማየት ራሱ ለመውደቅ፣ ለብቸኝነትና ለሚቀጥለው መናወጥ የሚያጋልጥ በመሆኑ ሞራውን መተው ይልቅ አደጋ አለው። ነገር ግን ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ለዓይን ሐኪሙ ሁለት ነገር ንገሩ፤ ከዳሌው ቀዶ ጥገና በኋላ መናወጥ እንደ ነበረባቸውና በአሁኑ ጊዜ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች። ለማረጋጋት ተብሎ ዲያዜፓም ወይም መሰሉ ያለ ከባድ ምክንያት እንዳይሰጣቸው ጠይቁ። ጠፍጣፋ ተኝተው ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ይችሉ እንደ ሆነም አስቀድማችሁ ቤት ሞክሩት፤ ካልቻሉ ሐኪሙ ዘዴውን አስቀድሞ ይመክርበታል። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ካለባቸው ቀጠሮው ይተላለፍ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች አንዳችሁ አጠገባቸው እደሩ፤ የማግስቱን ምርመራ ሳታስጨርሱ፣ የጠብታውንም ሰዓት አብሯቸው ለሚሆነው ሰው በደንብ ሳታስጠኑ ወደ መሐል ሜዳ እንዳትመልሷቸው።